ከመድረክ እስከ ካሜራ፦ በትወና ለመቆየት የረዱኝ ነገሮች

ተዋናይት መሆን የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ወደ ሙያው እንዴት እንደሚገባ ነው። እኔ ግን ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ ቶሎ እንደወጡ ስላየሁ፣ ከመግባቱ ይልቅ ስለ መቆየቱ ማውራት ይቀናኛል። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ከእኔ የሚበልጥ ተሰጥኦ የነበራቸው ሴቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሲወልዱ በዚያው ቀሩ። አንዳንዶቹ ክፍያቸውን ሲለምኑ ሰልችቷቸው ተዉት። ድምፃቸው የተጎዳባቸው አሉ። ሠላሳዎቹን ሲያጋምሱ የሚደውልላቸው የጠፋም አሉ። ይህን የምጽፈው በመድረክም በፊልምም በተከታታይ ድራማም ስሠራ ያቆዩኝን ነገሮች አንቺ ቀድመሽ እንድታውቂያቸው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰብ። አባቴ ትወና መጀመሬን ሲሰማ ያለኝ "አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" ነው። በእሱ ትውልድ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ስድብ ነበር። ንቀቱ ሥር የሰደደ ነው። ዘመናዊ ቴአትር በሀገራችን ሲጀመር የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላም ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ መታየቷ ለብዙ ዓመታት እንደ ነውር ተቆጥሯል። እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ ይህን ነውር በገዛ ስማቸው ከፍለው ነው መንገዱን የከፈቱልን። አስናቀችን ዛሬ በክራሯ የማያውቃት የለም፤ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍም በክብር ተሸኝታለች። በወጣትነቷ ግን አዝማሪ ተብሎ መሰደብን ተሸክማ ነው ተዋናይት የሆነችው። እኔ ይህን ታሪክ ሳውቅ የአባቴ ቁጣ በእኔ ብቻ ላይ የወረደ መዓት አልመሰለኝም፤ ያ ደግሞ ልቤን አረጋጋው።

አባቴን ያለዘበው እንባዬም ክርክሬም አልነበረም፤ የቅጥር ደብዳቤዬ ነው። ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶቻችን የመንግሥት ናቸው፤ ቋሚ ተዋንያኖቻቸውም ደመወዝተኞች፣ ጡረታ የሚታሰብላቸው ሠራተኞች ናቸው። ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ሲያይ "መንግሥት ቀጠራት" ብሎ ለጎረቤት አወራ። ከዚያ በኋላ የቀረው የሰዓት ጉዳይ ብቻ ነበር። ልምምድ ሲመሽ እናቴ ትጨነቃለች፤ ስለዚህ የልምምዱን ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ ለእሷ እሰጣት ጀመር። አዘጋጁንም አንድ ቀን ቤት ድረስ ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። ቤተሰብ የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ የምትሠሪበትን ቤትና አብረውሽ የሚሠሩትን ሰዎች ሲያውቅ ግማሹ ጭንቀት ይቀንሳል። የማይለዝብ ቤተሰብ እንዳለም አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ ቢያንስ አንድ ዘመድ፣ አክስትም ትሁን ታላቅ ወንድም፣ ከጎንሽ አድርጊ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን ልናገር ካልኩ ድምፅ ነው።

በቴአትር ቤቱ ከነበሩት አንጋፋ ተዋንያን አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት እኔን መድረክ ላይ ያቆሙኝና እርሳቸው ሄደው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቃለ ተውኔቴን ስል ያልተሰማቸው ቦታ ሲደርስ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ያነሳሉ። እደግማለሁ። ገና ከመጀመሬ እጃቸው ይነሳል። ላብ እስኪያጠምቀኝ እደግማለሁ። በመጨረሻ "ልጄ፣ ግሱን እየበላሽው ነው" አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ችግሬ የድምፅ ማነስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ድምፄ ትልቅ ነው፣ የሚያልቅብኝ ትንፋሼ ነው። በአማርኛ ማን እንዳደረገው፣ መደረጉና አለመደረጉ፣ ትናንት ይሁን ነገ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በሚመጣው ግስ ነው። ጀማሪ ደግሞ አየሯን ሁሉ መጀመሪያው ላይ ታፈሰውና ግሱ ጋ ስትደርስ ባዶ ትሆናለች። ኋላ የተቀመጠው ተመልካች ሰውየው ይምጣ ይቅር ሳይገባው ቀጣዩ ንግግር ይጀመራል።

ከዚያ በኋላ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጠኝ ከማጥናቴ በፊት እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ። ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ በጭረት፣ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ከላዩ በነጥብ ምልክት አደርግበታለሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ በችኮላ የተነበበ ቃል በስህተት ተጠንቶ ይቀርና መድረክ ላይ ለማረም ያስቸግራል። እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰለ ጸሐፊ ሲያጋጥምሽ፣ ቃሉ እንደ ግጥም የታመቀ ስለሆነ፣ ምልክት ሳታደርጊ ብትጀምሪ አንደበትሽ ይተሳሰራል። የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው፤ ቀልዱ ያለው ዜማው ውስጥ ነው፤ አንድ ቃል ካዘገየሽ ሳቁ ይጠፋል።

ድምፅን መጠበቅም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በልምምድ ላይ የለቅሶና የጩኸት ትዕይንቶችን በየጊዜው በሙሉ ኃይል አትጫወቺ፤ ከአዘጋጁ ጋር ተነጋግረሽ መቼ ሙሉውን እንደምትሰጪ ወስኚ። ጉሮሮሽ ሲዘጋ በሹክሹክታ ከማውራት ዝም ማለት ይሻላል። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዝንጅብልና ማር ጥሩ ናቸው፤ የተጎዳ የድምፅ አውታር ግን አያድኑም። አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስታዘገይ ከመድረክ ቀርታለች፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከውጭ የሚያየን ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በየቀኑ አይታይም። ቀን ይመደብለታል፤ በሳምንት አንዴ ይታያል፤ ተመልካች እስካለው ድረስም ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል። ይህ ማለት በሰባት ቀን አንዴ ብቻ ወደዚያች ሴት ሕይወት ትመለሺያለሽ፤ በመሐል ሌላ ልምምድ፣ የድራማ ቀረጻ፣ የቤት ጣጣ አለ። ቃሉ አይጠፋብሽም፤ ቃሉ በአፍሽ ይመጣል። የሚጠፋው ለምን እንደምትናገሪው ነው። ወሬ ሲደጋገም እንደሚሆነው ንግግሩ ከአንደበት እንጂ ከልብ መውጣቱን ያቆማል።

እኔ ይህን የምከላከለው የተውኔቱን ሙሉ ጽሑፍ ከትርኢቱ በፊት ባለው ምሽት በማንበብ ነው። የራሴን ክፍል ብቻ አላነብም። የሌሎቹን ንግግር ሳነብ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ የሚባለውን እሰማለሁ፤ ሁልጊዜም ቀድሞ ያላስተዋልኩት ነገር አገኛለሁ። በትርኢቱ ቀን ተመልካች ሳይገባ መድረኩ ላይ ወጥቼ መግቢያና መውጫዬን እራመደዋለሁ፤ ወንበሩ፣ በሩ፣ ጀበናው በቦታው መኖሩን በእጄ ነክቼ አረጋግጣለሁ። የመድረክ ሠራተኞቹን ወዳጅ አድርጊ። መብራት የሚያበራው ልጅና ዕቃ የሚያቀብለው ሰው ትርኢትሽን ከማንም በላይ ያዳኑታል፤ ስማቸውን የማያውቁ ተዋንያን ሳይ ያናድደኛል።

ትርኢቱ እየቆየ ሲሄድ ለሳቅ ሲባል ቃል የመጨመር ፈተና ይመጣል። አንዱ ይጨምራል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ይጨምራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደራሲው ቢመጣ የማያውቀው ተውኔት ይሆናል። እኔ በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ አዘጋጁ ካልፈቀደ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አብሮኝ የሚጫወተውም ሲጨምር በግልጽ እነግረዋለሁ። ተጠላሁበት፤ ግን ተውኔቱ እንዲቆይ ከተፈለገ ይህ ግድ ነው።

ወደ ክፍለ ሀገር ስንጓዝ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናገኘው አዳራሽ ብዙ ጊዜ ለስብሰባ የተሠራ ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል፣ መጋረጃ የለውም፣ ልብስ የምንቀይርበት ቦታ በሸራ የተከለለ ጥግ ነው። እኔ ጉዞውን እወደዋለሁ። ሌላ ጊዜ ቴአትር የማያይ ሕዝብ ሲያይሽ አጠገብሽ ያለች ጎረቤቱ የተበደለች ይመስል ይንጫጫል፣ ይመክርሻል፣ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ይራገማል። የልብሽን ትርታ የሚመልስልሽ እንዲህ ያለ ተመልካች ነው።

ካሜራ ግን ሌላ ዓለም ነው። የመጀመሪያ ፊልሜ ላይ የተሰጠኝ አስተያየት "ቀንሺ" የሚል ብቻ ነበር። ድምፅሽን ቀንሺ፣ ቅንድብሽን ቀንሺ፣ እጅሽን ቀንሺ። ለመድረክ የተማርኩትን ሁሉ ጣይ የተባልኩ መሰለኝ። ቀስ እያለ ሲገባኝ የሚጣል ነገር የለም። መድረክ ላይ ሐሳቡን ወደ መጨረሻው ረድፍ ትልኪዋለሽ፤ ካሜራ ፊት ሐሳቡን ብቻ ታስቢዋለሽ፣ ዓይንሽ ላይ ያለውን የካሜራው መነጽር መጥቶ ይወስደዋል። የማታስቢ ከሆነ ግን ያንንም ይወስደዋል። መድረክ ላይ ዝግጅቱ ያላለቀ ተዋናይ በድምፁ ጉልበት ሊያልፍ ይችላል፤ ክሎዝ አፕ ላይ፣ ፊትሽ ብቻ በቅርብ ሲቀረጽ፣ ማለፊያ የለም።

ከባዱ ነገር ትዕይንቶቹ በቅደም ተከተል አለመቀረጻቸው ነው። ቤት የሚከራየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ላይ ይቀረጻል። ከሰዓት በፊት የባሌን ለቅሶ ተቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሳሎን ውስጥ ያው ሰውዬ ሊያጨኝ ሽማግሌ የላከበትን ትዕይንት ሠርቻለሁ። ፊቴ ከለቅሶው አብጦ ስለነበር ሜካፕ የምትሠራው ልጅ በበረዶ ስታሸኝ ቆይታለች። እንዲህ ላለው ቀን የሚያድንሽ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ገጽ መድቢ፤ ከዚህ በፊት ምን ሆኗል፣ እስካሁን ምን አውቃለሁ፣ ምን አላውቅም፣ ምን ለብሻለሁ፣ ጸጉሬ እንዴት ነው፣ ስኒውን በየትኛው እጄ ይዣለሁ ብለሽ ጻፊ። የለቅሶ ልብስ ላይ የነጠላው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይሆናል። በአንዱ ቀረጻ ጥለቱ ላይ ሆኖ በሚቀጥለው ታች ከሆነ፣ የሀገሬ እናቶች ከታሪኩ ይልቅ እሱን ነው የሚያዩት፤ ልክም ናቸው። ይህን የሚከታተል ባለሙያ በቀረጻው ቦታ ቢኖርም ባይኖርም አንቺ ያዢው። አቅሙ በሌለው ፕሮዳክሽን ልብሱን ራስሽ ከቤትሽ ይዘሽ የምትመጪበት ጊዜ ይኖራል፤ እንዲህ ከሆነ ልብሱ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የገጸ ባሕርይዋ ነው፣ ለሰርግ አትልበሺው።

በተከታታይ ድራማ ክፉ ሴት ከተጫወትሽ ከተማው ሁሉ ይቆጣሻል። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት እጄን ይዘው "አንቺ ነሽ ያቺን ምስኪን ልጅ የምታስለቅሻት?" ብለው ገሠጹኝ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም" አልኳቸው፤ መርቀውኝ ወረዱ። ሥራ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ቁጣቸው ሥራሽን ማመናቸው ነው።

ስለ ውል ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። በእኛ ሀገር ብዙ ሥራ በቃል ይጀመራል። "አንቺ ልጅ፣ እንተዋወቅ የለ እንዴ" የሚለውን አባባል ስትሰሚ በተለይ ወረቀት ጠይቂ፤ ይሉኝታ ብዙ ሴት ተዋንያንን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ወረቀቱ ላይ መኖር ያለበት ይህ ነው፤ ክፍያው በቀረጻ ቀን ነው ወይስ በክፍል? በክፍል ከሆነ የተቀረጸው ክፍል ባይተላለፍም ይከፈላል ወይ? ድራማው ተቋርጦ ቢቀርስ? ቅድመ ክፍያው ስንት ነው፣ ቀሪው የሚከፈለው ቀረጻ ሲያልቅ ነው ወይስ ፊልሙ ሲመረቅ? "ሲመረቅ" የሚለውን እኔ አልፈርምም፤ ሳይመረቁ የቀሩ ፊልሞችን ስለማውቅ። ማታ ሲመሽ ማን ያደርሰኛል? የቀረጻው ቀን ቢራዘምስ? ምስሌ በማስታወቂያ ላይ ቢውል ተጨማሪ ይከፈላል ወይ? ሥራው ከቴሌቪዥን ወደ ዩቲዩብ ቢዞር፣ ለሌላ ጣቢያ ቢሸጥስ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተዋናይን ክዋኔ በተዛማጅ መብትነት፣ ማለትም ከደራሲው መብት ጎን በሚቆም መብት፣ ያውቀዋል፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንብቢው፤ ሕግ ነው ብለሽ አትፍሪው። ነገር ግን በፊልምና በድራማ ላይ አንዴ ፈቅደሽ ከተቀረጽሽ በኋላ በእጅሽ የሚቀረው በአብዛኛው ውሉ ላይ የጻፍሽው ነው። ሕጉን ተማምነሽ ውሉን ክፍት አትተዪ። የፈረምሽውን አንድ ቅጂ ይዘሽ ውጪ፤ "በኋላ እንልክልሻለን" የተባለ ውል ሲላክ አላየሁም።

ወንድ ጓደኞቻችን የማይጠየቁትን እኛ የምንጠየቅበት ጉዳይም አለ፤ አላልፈውም። አንድ ፕሮዲውሰር ስለ ዋና ገጸ ባሕርይ ለመነጋገር ብሎ ማታ ሆቴል ጠርቶኝ ነበር። ጽሑፉን በቀን ቢሮ መጥቼ ልውሰድ አልኩ፤ ጽሑፉም ሥራውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕጌ አንድ ነው፤ ስለ ሥራ ስብሰባ በቀን፣ በሥራ ቦታ፣ ሌላ ሰው ባለበት ነው። ጽሑፍ ሳይሰጥ ስለ ገጸ ባሕርይ የሚያወራ ሰው ገጸ ባሕርይ የለውም። ኦዲሽን ስትሄጂ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ፤ የት እንዳለሽ ቤት ይወቅ። የፍቅር ወይም የመደፈር ትዕይንት ካለ እስከ ምን ድረስ እንደሚታይ፣ ማን እንደሚነካሽና የት እንደሚነካሽ ከቀረጻው በፊት ተነጋግራችሁ፣ ተለማምዳችሁ ጨርሱ፤ ካሜራው በርቶ አዲስ ነገር ቢጨመር "ቁም" የማለት መብት አለሽ። እምቢ በማለቴ ሥራ ቀርቶብኛል። ከቀሩብኝ ሥራዎች ውስጥ የምጸጸትበት አንድም የለም።

ቋሚ ቅጥር ይሻላል ወይስ በግል መሥራት? በግልጽ ልናገር፤ ደመወዙ የመንግሥት እስኬል ነው፣ አያንቀባርርም። በግል የምትሠራ ታዋቂ ተዋናይት በጥቂት ወር የምታገኘውን ቋሚዋ በዓመት ላታገኝ ትችላለች። ሆኖም ልጅ ስወልድ ደመወዜ አልተቋረጠም። በሕግ ተቀጣሪ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ በሥራ ብቻ ተዋውላ የምትሠራ ጓደኛዬ ግን ሆዷ መታየት ሲጀምር ከድራማው ተጽፋ ወጣች፤ ገጸ ባሕርይዋን ወደ ውጭ ሀገር ላኳት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉም ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። እኛ ደመወዝተኞቹ ቤታችን ተቀምጠን ወር ጠበቅን፤ በየትርኢቱ የሚከፈላቸው ባዶ ቀሩ። በግል ለመሥራት ከወሰንሽ ዕቁብ ግቢ፣ ጥሩ በተከፈለሽ ወር ደግሞ ለማይከፈልሽ ወር አስቀምጪ። ቋሚ ሆኖ በትርፍ ሰዓት ፊልም መሥራትም ይቻላል፤ ከቤቱ ፈቃድ መውሰድና ቀኖቹ እንዳይጋጩ ማድረግ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ዕድሜ ነው። ፊልም ለሴት ተዋናይት ቸር አይደለም። አንድ ቀን የዋና ተዋናዩ ፍቅረኛ ትሆኛለሽ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ስልክ ተደውሎ የዚያው ሰው እናት ሁኚ ትባያለሽ። እኔ የእናትነት ጥያቄው ሲመጣልኝ ልጄን ከሚጫወተው ተዋናይ ጋር የነበረን የዕድሜ ልዩነት ትንሽ ነበር። እናት መጫወቱን አልጠላሁትም። የጠላሁት የእናቲቱን ባዶነት ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ያላት ሥራ "ልጄ፣ ብላ" ማለትና ማልቀስ ብቻ ነበር። ደራሲውን አግኝቼ አንድ ነገር ለመንኩት፤ እናቲቱ ራሷ የምትወስነው አንድ ትዕይንት ይኑራት። ልጇ ቤቱን ሊሸጥ ሲል ካርታውን ደብቃ "እኔ ሳልሞት አይሸጥም" የምትልበትን ጻፈላት። ሰው እስካሁን የሚያወራልኝ ስለዚያች ትዕይንት ነው። ከዚያ በኋላ የእናት፣ የአክስት፣ የአማት ገጸ ባሕርይ ሲመጣልኝ ስለ ክፍያው ከመጠየቄ በፊት ምን እንደምትፈልግና ምን እንደምትወስን እጠይቃለሁ። ደራሲዎቻችን ብዙዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም የሚዘነጉት፤ የሚያስታውሳቸው ስለጠፋ ነው።

መድረክ በዚህ በኩል ይሻላል። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሀገር ፍቅር በየቤቱ ያሉት አንጋፋ ሴቶች ፀጉራቸው ሸብቶም ከባባድ ገጸ ባሕርያትን ይዘው ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ርቀቱ ሽበትን ይሸፍናል፣ ልምድን ደግሞ ያጎላል። ስለዚህ ካሜራው ሲሞቅልሽ መድረኩን ጨርሰሽ አትተዪው። በየሁለት ዓመቱም ቢሆን አንድ ተውኔት ሥሪ።

ድምፅ ላይ የደከምኩት ድካም በኋላ ዕድሜ ይበልጥ ከፈለኝ። ወጋየሁ ንጋቱን መድረክ ላይ ያላየ ሰው እንኳን በሬዲዮ ትረካው ያስታውሰዋል። ለሴትም ያው ነው። የሬዲዮ ድራማ መልክሽን አይጠይቅም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነሽ የሃያ ዓመት ልጅ መሆን ትችያለሽ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ በሙያው ውስጥ ከፍተኛ ተቃውሞ ነበር፤ የሀገር ውስጥ ሥራ ይገድላል የሚለውን ስጋት እኔም እጋራዋለሁ። ይሁንና የድምፅ ትወና ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። የሌላ ሰው ከንፈር ሲዘጋ ያንቺ ግስ ማለቅ አለበት፤ እዚያ ላይ ነው እትዬን አብዝቼ ያመሰገንኳቸው። ትረካ፣ የማስታወቂያ ድምፅና ለሕፃናት የሚዘጋጅ ፕሮግራምም አለ። ከቻልሽ ጻፊ፣ አዘጋጂ። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ተዋናይት ብቻ ብትሆን ኖሮ ያን ያህል ሥራ አትተውም ነበር፤ ጽፋለች፣ አዘጋጅታለች፣ ግጥም ለዘፋኞች ሰጥታለች፣ ተሰድዳም አሜሪካ ላይ ጣይቱ ማዕከልን አቋቁማ መድረክ ፈጥራለች። የምትጽፍ ሴት ሌላ ሰው ሚና እንዲሰጣት ብቻ አትጠብቅም።

እንግዲህ የት ልጀምር ለምትይኝ። ትምህርት ከፈለግሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተዋንያንና አዘጋጆች ሲያፈራ ቆይቷል። ነጥብሽ ካልፈቀደ ቴአትር ቤቶች አልፎ አልፎ የሚያወጧቸውን የሥልጠናና የፈተና ማስታወቂያዎች በር ላይ ሄደሽ አንብቢ፤ ሁሉም ፌስቡክ ላይ አይወጣም። በሰፈርሽ የአማተር ቡድን ካለ ግቢ፤ ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ክበብ ነው የመጣነው። በወር ቢያንስ አንድ ተውኔት እይ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስታዪው ታሪኩን ትተሽ አንዲት ተዋናይት ላይ ብቻ ዓይንሽን ጣይ፣ በተለይ ሌላ ሰው ሲናገር ምን እንደምታደርግ ተመልከቺ።

ለፈተናው ሁለት ክፍል አጥንተሽ ያዢ፤ አንዱን ከመንግሥቱ ለማ፣ ሌላውን ከጸጋዬ። እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። ከፊልም ላይ አይተሽ አትቅጂ፤ ፈታኞቹ የሌላዋን ተዋናይት ድምፅ ወዲያው ይለዩታል። ያላየሽው ጽሑፍ አንብቢ ከተባልሽ አንድ ጊዜ በዝምታ ላንብበው ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። አንብበሽ ስትጨርሺም "እንዲህ አድርገሽ ድገሚው" ካሉሽ ደስ ይበልሽ፤ ወደው ነው ወይም ማዳመጥ መቻልሽን እየፈተኑ ነው። ያሉሽን ብቻ ለውጪና ድገሚው።